ሽፋኑ ደረሰ፣ ውሃው ቀረ

ሚነርቫ ፓርክ ውስጥ ውሃ አይጠፋም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ አንዱ ተነሥቶ «ኦሃዮ ተቀምጠህ ስለ ውሃ እጥረት ምን አገባህ?» እንዳይለኝ። መንደሯ ኮሎምበስ ያቀፈቻት፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብላ የተቀመጠች፣ ሁለት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ናት። ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት፤ የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ፖሊስ አላት። ከ1895 እስከ 1902 የመዝናኛ ፓርክ ነበረች፤ ስሟም ሐይቋም ከዚያ የቀሩ ናቸው። በ1940 ራሷን የቻለች መንደር ሆነች። ቧንቧዋን የሚሞላው የኮሎምበስ ውሃ ነው፤ ሲከፍቱት ይወርዳል፣ ሲዘጉት ይቆማል። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ራሱ ዜና ነው። (የአሜሪካውን ዓመት በእነሱ አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱን በእኛው እጽፋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ይገጣጠማሉ፤ ጠብቁኝ።)

ታዲያ ክርክሩ ከየት መጣ? ከስልኩ። እዚህ ያለ ሰው አገር ቤት ሲደውል ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀው «ውሃ መጣ?» ብሎ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ክርክሩ ይከፈታል።

ተከራካሪዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛዋ እትዬ፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰው፤ ዕድሜያቸውን ጀሪካን ደርድረው የኖሩ፣ አሁን ሚነርቫ ፓርክ ውስጥ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ። ሁለተኛው አዲስ አበባ በውሃ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የነበረ፣ እኅቱን ሊጠይቅ መጥቶ ቡና የሚጠጣ እንግዳ። ሦስተኛው የእትዬ አማች፣ ከአሜሪካ መንግሥት የመጣ ፖስታ ሁሉ ወንጌል የሚመስለው። በስማቸው አልጠራቸውም፤ እትዬ ይሰድቡኛል፣ ኃላፊው መግለጫ ያወጣብኛል።

አንደኛ ዙር፦ ውሃው አልጠፋም

ኃላፊ፦ እትዬ፣ አዲስ አበባ ውሃ ጠፋ የሚባለው ተጋኗል። ውሃ አልጠፋም፤ ግፊቱ ቀንሶ ነው።

እትዬ፦ እውነትህን ነው ልጄ። ከቧንቧው የቀነሰው ግፊት እኔ ላይ ጨምሮ ይኸው በየቀኑ ኪኒን እውጣለሁ።

ኃላፊ፦ ለሁሉም እንዲዳረስ በፈረቃ እየሰጠን ነው።

እትዬ፦ ፈረቃውን መች አጣሁት! «ማክሰኞና ዓርብ» ይላል። ማክሰኞም ይመጣል፣ ዓርብም ይመጣል፤ የሚቀረው ውሃው ብቻ ነው።

ኃላፊ፦ ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው ሌሊት ነው፤ ነዋሪው ተኝቶ ያመልጠዋል።

እትዬ፦ ሌሊት የሚመጣ ሌባና የእናንተ ውሃ ነው። ሌባው ግን ወር ጠብቆ ቢል አይልክም።

ኃላፊ፦ ቢሉ እኮ በቆጣሪ ነው። ቆጣሪ አይዋሽም።

እትዬ፦ አይዋሽም። ውሃው ሳይደርስ አየሩ እያፏጨ ሲያልፍ ቆጣሪው ይሽከረከራል። እኔ አየር በሜትር ኪዩብ የገዛሁ ሴት ነኝ።

ኃላፊ፦ ቢሆንም የከተማው የውሃ ሽፋን ከዓመት ዓመት እያደገ ነው።

እትዬ፦ ሽፋኑማ ደርሷል። የቀረው ውሃው ነው።

እዚህ ላይ ኃላፊው ስኒውን አስቀመጠ። ለእሱም ፍርድ እንስጠው፤ ስለ ግፊቱ ያለው ሐሰት አይደለም። አዲስ አበባ ዛሬም ትልቁን ጉርሻ የምትጎርሰው ከጃንሆይ ዘመን ግድቦች ከገፈርሳና ከለገዳዲ፣ ኋላ ከተጨመረው ከድሬ፣ እንዲሁም ከአቃቂና ከሌሎች ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። አቃቂ የከተማዋ ቆላ ነው፤ እንጦጦ ደግሞ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው። ከታች የወጣ ውሃ ሽቅብ ለመሄድ ፓምፕ ይፈልጋል፣ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። በዚያ ላይ ከተማዋ በኮንዶሚኒየም ወደ ላይ አደገች፤ ውሃው ምድር ቤት ደርሶ ሲደክመው አራተኛ ፎቅ ያለችው እናት ጀሪካን ተሸክማ ደረጃ ትቆጥራለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ችግሩ ኃላፊው እውነቱን የሚናገረው ሲወቀስ ብቻ መሆኑ ነው። ሲሾም ስለ ፓምፕ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ሁለተኛ ዙር፦ ጥፋተኛው ማነው?

ኃላፊ፦ ዋናው ምክንያት የመብራት መቆራረጥ ነው።

እትዬ፦ መብራት ሲጠፋ መብራት ኃይል ሄደን ስንጠይቅ «ግድቡ ውስጥ ውሃው ቀንሷል» አሉን። ውሃው በመብራት፣ መብራቱ በውሃ ሲያሳብብ እኛ በጨለማ ሳንታጠብ ተኛን።

ኃላፊ፦ የሕዝቡም ብዛት አለ።

እትዬ፦ ለምርጫ ሲሆን «ሕዝባችን»፣ ለውሃ ሲሆን «የሕዝብ ብዛት»!

ኃላፊ፦ የአየር ንብረት ለውጡንም አይርሱ።

እትዬ፦ ሲዘንብ ጎርፍ ደፈረሰብን ትላላችሁ፣ ሲያባራ ድርቅ ገባ ትላላችሁ። ለእናንተ የሚስማማው ደመና የቱ ነው? ንገረኝና ስለት እሳላለሁ።

ኃላፊ፦ መስመሩም አርጅቷል። ብዙ ውሃ መንገድ ላይ ይባክናል።

እትዬ፦ አይቻለሁ። ጀሪካን ይዤ ቦኖ ፍለጋ ስኳትን አስፋልቱ ገላውን ሲታጠብ ነበር።

ኃላፊ፦ ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ተቀምጧል። ለአዲሱ ፕሮጀክት የመሠረት ድንጋይ ተጥሏል።

እትዬ፦ ሙሴ ዐለት መትቶ ውሃ አፈለቀ። እናንተ ድንጋይ አስቀምጣችሁ ሪባን ቆረጣችሁ። ውሃው ከየት ይምጣ?

ኃላፊ፦ ኅብረተሰቡ በትዕግሥት መጠበቅ አለበት።

እትዬ፦ ትዕግሥትማ ሞልቶናል። ትዕግሥት ግን ሽንት ጨርቅ አያጥብም።

ኃላፊ፦ በቅርቡ ይጠናቀቃል።

እትዬ፦ እኛ አሥራ ሦስት ወር ያለን ሕዝብ ነን። ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ፈለግሁ፤ «በቅርቡ» የሚባል ወር አላገኘሁም።

ሦስተኛ ዙር፦ ታሪክ ይመስክር

ኃላፊው ወደ ታሪክ ሸሸ። የኛ ሰው ሲረታ ታሪክ ቤት ይገባል።

ኃላፊ፦ እኛ እኮ በውሃ ሥራ ጀማሪዎች አይደለንም። ምኒልክ በ1880ዎቹ ከእንጦጦ ግርጌ በቧንቧ ውሃ አምጥተዋል። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው የዘረጋላቸው።

እትዬ፦ ቧንቧው የት ገባ?

ኃላፊ፦ ቤተ መንግሥት።

እትዬ፦ ከዚያ ወዲህ ውሃው መንገዱን አልረሳም።

አማች፦ እማማ፣ የሚገርመው ያኔ ኮሎምበስ ራሷ ደህና ውሃ አልነበራትም። ታይፎይድ ይፈጃቸው ነበር። በ1908 ነው የሳዮቶን ወንዝ የሚያጣራና የሚያለሰልስ ጣቢያ ሠርተው ታይፎይዱን ያባረሩት።

እትዬ፦ ቧንቧማ እኛም ነበረን፣ እነሱ ግን በማጣራት ቀደሙን። እኛ ከቤተ መንግሥቱ በር ላይ ቆመን የት ይግባ ስንል፣ እነሱ የድሃውም የሠራተኛውም ቤት ደረሱ።

ኃላፊ፦ ትልልቅ ግድቦችም ስለሠሩ ነው። ትናንት ሁቨር ግድብ ሄጄ ፎቶ ተነሥቻለሁ። ያ በፕሬዚዳንቱ ስም የተሰየመው።

አማች፦ ጋሼ፣ እሱ ኔቫዳና አሪዞና ድንበር ላይ ነው። የኛው ሁቨር ዌስተርቪል አጠገብ ያለው ነው፤ በ1955 ተሠርቶ አለቀ። የተሰየመው ለፕሬዚዳንት ሳይሆን ለከተማው ውሃ ሥራ ለደከሙ ሁለት ወንድማማቾች፣ ለቻርልስና ለክላረንስ ሁቨር ነው።

እትዬ፦ ለውሃ ሠራተኛ ግድብ? እኛ አገር የውሃ ሠራተኛ ስሙ የሚጻፈው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ ነው።

ኃላፊ፦ እትዬ፣ አገር ማጣጣል ይብቃ! የዓባይን ግድብ የሠራ ሕዝብ እኮ ነው! ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል።

እትዬ፦ ግድቡንማ እኔ ነኝ የሠራሁት። የቦንዱ ወረቀት ሻንጣዬ ውስጥ አለ። ሕዝብ ያዋጣበት አለቀ፤ እናንተ ብቻችሁን የያዛችሁት ግን «ጥናት ላይ ነው» ይባላል።

ተረቱ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይላል። ጎንደር ሂዱና ጠይቁ። አንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው ከተማዋ በጀሪካን ወረፋ ስትሰለፍ ኖራለች። ተስፋዋ መገጭ ነበር፤ ግድቡ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት የጎንደር ሕዝብ ስሙን እንጂ ውሃውን ሳያውቅ ልጅ አሳድጓል። ሐረር ሂዱና ጠይቁ። የምትጠጣው ሐረማያ ሐይቅ ዓይኗ እያየ ደረቀ፤ በኋላ ውሃው ከድሬዳዋ በኩል ከጉድጓድ ተስቦ መጣላት። ሐይቁ ቀስ በቀስ ሲያንስ ያላየ ሹም አልነበረም። ሁሉም አይቷል፤ ሁሉም በሪፖርቱ ላይ «በትኩረት እየተከታተልን ነው» ብሎ ጽፏል። ትኩረቱ ሳይደርቅ ሐይቁ ደረቀ።

አራተኛ ዙር፦ አሜሪካስ?

ኃላፊ፦ እትዬ፣ እኛን ብቻ አይውቀሱ። አሜሪካኖቹ ፍሊንት በምትባል ከተማቸው ሕዝባቸውን እርሳስ ያለበት ውሃ አጠጥተው የለም እንዴ?

እትዬ፦ አጠጥተዋል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው በሚያዝያ 2014 ከወንዙ ቀዱላቸው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ጄኔራል ሞተርስ «ውሃው ሞተሬን አዛገብኝ» አለና ሌላ ውሃ ተሰጠው። ሕፃናቱ ግን እስከ 2015 ጥቅምት ጠጡት። የሞተር አቤቱታ ወዲያው ተሰማ፤ የእናት አቤቱታ ዓመት ፈጀ።

ኃላፊ፦ ታዲያ ከእኛ በምን ይሻላሉ?

እትዬ፦ ክፍለ ግዛቱ 600 ሚሊዮን ዶላር ሊክስ ተስማምቷል። አንተ ቤት ውሃ ጠፍቶ ስንት ካሱህ?

ኃላፊ፦ ባለሥልጣናቱ ላይ የተመሠረተው የወንጀል ክስ ግን ፈርሷል። አንድም ሹም ወህኒ አልወረደም።

እትዬ፦ እሱ ላይማ ወንድማማቾች ናችሁ።

አማች፦ ኦሃዮም ደርሶባታል። በነሐሴ 2014 ቶሌዶ ውስጥ ከኢሪ ሐይቅ አልጌ የመጣ መርዝ ቧንቧ ገብቶ ለአራት መቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው «አትጠጡ፣ አፍልታችሁም አትጠጡ» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ተነሣና ከንቲባው በካሜራ ፊት አንድ ብርጭቆ ጠጥተው አሳዩ።

እትዬ፦ አንድ ብርጭቆማ ለቅሶ ቤትም ይጠጣል። ዓመት ጠጥተው ይምጡና እናውራ።

አማች፦ ኦባማም በ2016 ፍሊንት ሄደው ጠጥተዋል።

እትዬ፦ ቀመሱ በለኝ። የጠጣውማ ሕዝቡ ነው።

ሹም ውሃ ሲጠጣ ፎቶ የሚነሣበት ቀን ሁሉ ውሃው የተጠረጠረበት ቀን ነው። ደህና ውሃ ምስክር አያስፈልገውም። የላብራቶሪው ውጤት ታትሞ ቢለጠፍ ካሜራውም ብርጭቆውም ባላስፈለገ ነበር፤ ከንቲባ ሆድ ውስጥ ገብቶ ውጤት የሚያነብ ሰው የለም።

አምስተኛ ዙር፦ ኮሎምበስን ስንመረምራት

አማች፦ እማማ፣ እዚህ ሲስተም አለ። ማመን ይልመዱ።

እትዬ፦ ሲስተሙ ካለ ለምን በየሳምንቱ ካርቶን ሃይላንድ ትሸከማለህ?

አማች፦ እሱ ለጥንቃቄ ነው።

እትዬ፦ እናንተ ስታደርጉት ጥንቃቄ፣ እኔ ሳደርገው ጥርጣሬ።

አማች፦ ችግር ሲኖር ይነግሩናል እኮ። በሰኔ 2015 ዱብሊን መንገድ ካለው ጣቢያ በሚወጣው ውሃ ናይትሬት ሲጨምር ማስታወቂያ አወጡ። ነፍሰ ጡሮችና ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት እንዳይጠጡት ተባለ። ማፍላትም አይጠቅምም፤ ውሃው ሲተን ናይትሬቱ ይወፍራል።

እትዬ፦ ናይትሬቱ ከየት መጣ?

አማች፦ በአብዛኛው ከእርሻው ማዳበሪያ። ዝናቡ አጥቦ ወንዝ ይከተዋል።

እትዬ፦ እኛም እኮ በሰኔ 2015 የማዳበሪያ ችግር ነበረብን። የአማራ ገበሬ ክረምት ገብቶበት ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ አቤት አለ። እነሱ በ2015 ተርፏቸው ጠጡት፣ እኛ በ2015 አጥተን አለቀስን። ዘመኑ ሲገጥም ዕድሉ አይገጥም!

አማች፦ እዚህም እንደ አቅሙ ፈረቃ አለ። ዴላዌር አካባቢ ውሃ የሚያከፋፍለው ዴል-ኮ የሚባለው ማኅበር በቤት ቁጥር ከፋፍሎ ነው ሣር የሚያስጠጣው። ሙሉ ቁጥር የራሱ ቀን አለው፣ ጎዶሎውም የራሱ።

እትዬ፦ እዚህ ሣሩ በፈረቃ ይጠጣል፣ እዚያ ሰዉ። ሣሩ ግን ቀኑን አስቀድሞ ያውቃል።

ኃላፊ፦ አሁን ደግሞ ኢንቴል መጥቶ ውሃችሁን ሊጨርሰው አይደል? ኒው ኦልባኒ ላይ?

አማች፦ በጥር 2022 ነው ያበሰሩት፤ ሃያ ቢሊዮን ዶላር። ቺፕ ሲሠራ የሚታጠብበት ውሃ ከምንጠጣው እጅግ የነጠረ መሆን አለበት።

እትዬ፦ ለሰው የተጣራ፣ ለዕቃ የነጠረ። የትም አገር ያው ነው። መቼ ይጀምራል?

አማች፦ መጀመሪያ በ2025 ይጀምራል ተብሎ ነበር። አሁን ወደ 2030 እና 2031 ተገፍቷል።

እትዬ፦ «በቅርቡ» እንግሊዝኛም ትችላለች ለካ!

(ኃላፊው እዚህ ላይ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዕረፍት አገኘ።)

አማች፦ ፋብሪካው ቢዘገይም ከተማው እየተዘጋጀ ነው። ከሦስቱ ማጣሪያ ጣቢያዎች ሌላ አራተኛ ሆም ሮድ ላይ እየሠሩ ነው። ሕዝቡ እየጨመረ ነው፣ የዳታ ማዕከሎቹም በዝተዋል።

እትዬ፦ በማን ገንዘብ?

አማች፦ ታሪፉ ላይ ትንሽ ጨምረው…

እትዬ፦ ፋብሪካው ይዘገያል፣ ታሪፉ አይዘገይም። ልጄ፣ አንተም የተወለድከው አዲስ አበባ ነው፤ ይህን ዜማ አታውቀውም?

እዚህ ላይ እትዬ ያነሡት ጥርጣሬ የስደተኛ አመል ብቻ አይደለም። በ2024 ኦሃዮ በድርቅ ተመታለች፤ የድርቅ መለኪያው ካርታ ከተጀመረ ወዲህ የመጨረሻውን ጥቁር ቀይ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያኔ ነው። ደቡብ ምሥራቁ ገበሬ ለከብቶቹ ውሃ በመኪና ሲያመላልስ ነበር። ውሃ የሞላበት አገር ነው የሚባለው ክፍለ ግዛት ውሃው ለማን ይቅደም የሚለውን ጥያቄ መጠየቅ ጀምሯል፦ ለቤት፣ ለሣር፣ ለገበሬ፣ ለፋብሪካ፣ ወይስ ኮምፒውተር ለማቀዝቀዝ? ጥያቄውን የሚመልሰው የአካባቢው ሹም ነው። የሚከፍለው ነዋሪው ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሁልጊዜ አንድ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ቆሟል።

ስድስተኛ ዙር፦ ወረቀቱ

አማች፦ ልዩነቱን ልንገራችሁ። በ2024 የአሜሪካ ውሃ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ወደየቤቱ የሚገባው ቧንቧ ከምን እንደተሠራ እስከ ጥቅምት መዝግበው እንዲያቀርቡ ሕግ አስገደዳቸው። እርሳስ የሆነበትም ያልታወቀበትም ቤት ደብዳቤ ተላከለት። ደብዳቤው «የቧንቧዎ ዓይነት አይታወቅም» ይል ነበር።

እትዬ፦ መሥሪያ ቤቱ ራሱ «አላውቅም» ብሎ ፈረመ?

አማች፦ ፈረመ።

እትዬ፦ እኛ አገር «አላውቅም» ብሎ የሚፈርም ሹም ቢገኝ መስቀል አደባባይ ሐውልት እናቆምለት ነበር።

አማች፦ በየዓመቱም እስከ ጁላይ 1 ድረስ ውሃው ውስጥ ምን ምን እንደተገኘ የሚዘረዝር ሪፖርት ለደንበኛው ሁሉ ማድረስ ግዴታቸው ነው። የኦሃዮ ሕግ ደግሞ ማንም ሰው፣ ማንነቱንም ሆነ ለምን እንደፈለገው ሳይናገር፣ የመንግሥትን ሰነድ መጠየቅ ይችላል ይላል። የምክር ቤቱም ስብሰባ ክፍት ነው።

ኃላፊ፦ ሕጉማ እኛም አለን! የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ፣ ቁጥር 590/2000። ማንኛውም ሰው መረጃ የመጠየቅ መብት አለው።

እትዬ፦ አዋጁ አለ። መልሱ ነው ፈረቃ ላይ ያለው።

ኃላፊ፦ አይደለም እትዬ፤ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መሰጠት አለበት።

እትዬ፦ ማነው መላሹ?

ኃላፊ፦ በአዋጁ መሠረት የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው።

እትዬ፦ ቅድም ሥራህ ምን ነበር አልከኝ?

ቤቱ ፀጥ አለ። ግን ኃላፊው የዋዛ ሰው አይደለም። ዓመታት ሙሉ ጋዜጠኛ ሲገፈትር የኖረ ምላስ በአንድ ምት አይወድቅም።

ኃላፊ፦ እሺ እትዬ፣ እኔ መልስ አልሰጠሁም እንበል። እርስዎስ ጠይቀው ያውቃሉ? በጽሑፍ? ለእድር ሲሆን ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ለውሃ ግን ቡና ላይ ነው የሚያሙኝ።

እትዬ፦ …

ኃላፊ፦ እዚህስ? አማችዎ የሚያወራለት የምክር ቤት ስብሰባ እዚሁ መንደር ውስጥ ነው። ስንት ጊዜ ሄዱ? ያ ዓመታዊ ሪፖርትስ መጥቶ ማን ከፈተው?

አማች፦ ማስታወቂያ መስሎኝ ነው የጣልኩት…

እትዬ፦ ይኸው! ወንጌል ነው ስትል ከርመህ ፖስታውን ቆሻሻ ውስጥ? (ወደ ኃላፊው ዞረው) ልጄ፣ ይህን ምትህን ተቀብያለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ስማኝ። እኔ ባልጠይቅህም ውሃውን ማድረስ ሥራህ ነበር። ደሞዙን ስትወስድ ማመልከቻ አልጠበቅህም።

የተረበኛው ፍርድ

ዳኛ ሁን ካላችሁኝ፣ እትዬ በነጥብ ያሸንፋሉ፣ ኃላፊው በመጨረሻው ዙር ጥሩ ቡጢ አሳርፏል፣ አማቹ ደግሞ በራሱ ካርቶን ሃይላንድ ተሰናክሎ ወድቋል።

ከሦስቱም የተረዳሁት ግን ይህን ነው። ነዋሪ ሹሙን መጠርጠሩ ጤና ነው። ፍሊንት ላይ መጀመሪያ የጠረጠሩት እናቶች ትክክል ነበሩ፣ «ውሃው ደህና ነው» ያለው ሹም ተሳስቷል። የእኛ ጥርጣሬ ድክመቱ ብዛቱ ሳይሆን ከአፍ አለማለፉ ነው። ቡና ላይ የተጠረጠረ ሹም ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል፤ በጽሑፍ የተጠየቀ ሹም ግን ፋይል ይከፍታል። ሹም ከምላስ ይልቅ ማኅተምና ቀን ያለበት ወረቀት ይፈራል።

ስለዚህ ሚነርቫ ፓርክም ሆነ ኮሎምበስ ያለህ ወገኔ፣ በበጋው የሚመጣውን የውሃ ሪፖርት ከፒዛ ማስታወቂያው ለይ። እርሳሱ ስንት ነው፣ ናይትሬቱ ስንት ነው፣ ታሪፉ ለምን ጨመረ ብለህ ምክር ቤቱ ፊት ቁም። እንግሊዝኛህ ቢሰባበር ግድ የለም፤ ቢልህን የምትከፍለው በተሰባበረ ዶላር አይደለም።

አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ሐረር ያለህ ወገኔ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ስንት ውሃ፣ በየትኛው ቀን፣ በማን ፊርማ። አዋጁን ቁጥሩን ጠቅሰህ ጻፍ፣ የደረሰበትንም ቀን አስፈርምበት። ሠላሳው ቀን ካለፈ «አልመለሱም» የሚል ማስረጃ በእጅህ አለ ማለት ነው፤ እሱም ከባዶ ቧንቧ ይሻላል።

ኃላፊው «በቅርቡ» ካለህ ግን የመስከረም ይሁን የጳጉሜ ጠይቀው። ወሩን እስኪነግርህ ድረስ ጀሪካንህን አትጣል።